ሌባውን ቀድሞ የሚያውቀው ውሻ

ውሻ በወንጀል ፊልም ውስጥ ያለው ትልቁ ኃይል መናገር አለመቻሉ ነው። ሌባውን አይቷል፣ ጠረኑን ይዟል፣ የተሰረቀው የት እንደተደበቀ ያውቃል፤ የሚሰማው ሰው ግን የለም። ምስጢሩን የሚጋራው ተመልካቹ ብቻ ነው። በጥቂት ገንዘብ የተሠሩ የድሮ ፊልሞች ዛሬም ልብ የሚያንጠለጥሉት በዚህ ይመስለኛል።

ከቀደምቶቹ አንዱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1905 እንግሊዝ ውስጥ የተሠራው «ሬስኪውድ ባይ ሮቨር» ነው። ርዝመቱ ሰባት ደቂቃ ያህል፣ ወጪው ከ8 ፓውንድ በታች ነበር። ፕሮዲዩሰሩ ሴሲል ሄፕዎርዝ አባትየውን ሆኖ ተጫወተ፤ ታሪኩን የጻፈችው ባለቤቱ እናትየውን ሆነች፤ የምትሰረቀውም ሕፃን የገዛ ልጃቸው ናት። ዋናው ተዋናይ ደግሞ ብሌር የሚባለው ውሻቸው ነው።

ሞግዚቷ ከአንድ ወታደር ጋር ወሬ ስትይዝ አንዲት ለማኝ ሕፃኗን ከጋሪው አንሥታ ትሰወራለች። ውሻው በመስኮት ዘልሎ ይወጣል። ጎዳናውን በሩጫ ይጨርሳል፣ ወንዙን ዋኝቶ ይሻገራል፣ ድሆች ሰፈር ሲደርስ በሮቹን አንድ በአንድ ይፈትሻል። ጣሪያ ሥር ካለች ክፍል ሕፃኗን ሲያገኛት ሴትዮዋ ታባርረዋለች። በመጣበት መንገድ ይመለስና ጌታውን አስከትሎ እንደገና ይጓዛል። ካሜራው በየጊዜው የሚቆመው እዚያው ጎዳና፣ እዚያው ወንዝ ዳር ነው። ስለዚህ መንገዱን እኛም እንለምደዋለን፤ ወንዙን ስናይ ምን ያህል እንደቀረው እናውቃለን፣ እንቸኩላለን። የሲኒማ ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ኤዲቲንግ አጀማመር ሲያወሩ ይህን ፊልም የሚያነሡት ወደው አይደለም። ኮፒው በብዛት ከመሸጡ የተነሣ ኔጋቲቩ አልቆ ፊልሙ ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ ተቀርጿል።

በፊልሙ ውስጥ የሰዎቹ ትወና ዛሬ የተጋነነ ይመስላል፤ እጃቸውን ያወናጭፋሉ፣ ደረታቸውን ይይዛሉ። ውሻው ግን አያስመስልም። ሩጫው ሩጫ ነው፣ ውኃውም ውኃ ነው። ገንዘብ ያጠራቸው ሠሪዎች በእውነተኛ ጎዳና ላይ እውነተኛ ውሻ ለቀቁ፤ ያ ደግሞ አላረጀም።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተራው የጀርመን ሼፐርድ ሆነ። ጀርመን ውስጥ በፖሊስ ውሻነት የሠለጠነው ስትሮንግሃርት አሜሪካ ተወስዶ በ1921 «ዘ ሳይለንት ኮል» በተባለው ፊልም ገነነ። ሪን ቲን ቲንን ደግሞ አሜሪካዊው ወታደር ሊ ደንከን በ1918 ፈረንሳይ ውስጥ በቦምብ ከተመታ የውሾች ማደሪያ በቡችላነቱ አገኘው። ከ1923 ጀምሮ የዋርነር ብራዘርስ ኮከብ ነበር።

ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ድምፅ በሌለው ፊልም አሠልጣኙ ከካሜራው ጀርባ ሆኖ እንደልቡ ያዝዝ ነበር፤ ማይክሮፎን ባለበት ግን ዝም ማለት ግድ ሆነ። ተመልካቹም ንግግር ፈለገ። ዋርነር በ1929 ሪን ቲን ቲንን አሰናበተው፤ የተቀበለው በርካሽ ተከታታይ ፊልሞች የሚታወቀው ማስኮት ነው። በ1931 በወጣው ባለ12 ክፍል «ዘ ላይትኒንግ ዋሪየር» ሰዎቹ ጭምብል ለባሹን ነፍሰ ገዳይ ፍለጋ እርስ በርስ ሲጠራጠሩ ያረጀው ውሻ ዱካውን አይለቅም። በዚህ ፊልም ሥራውን ጨረሰ፤ በ1932 ሞተ።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የ1927ቱ «ዘ ሪተርን ኦቭ ቦስተን ብላኪ» ነው። ከእስር ቤት ወጥቶ ቀና ኑሮ ሊጀምር የቆረጠ ሌባ፣ ጌጥ ሰርቃ የምትሸሽ ወጣት፣ ከእነሱም ጋር ስትሮንግሃርት። አነስተኛ ኩባንያ ያወጣው፣ ታሪኩም ቀላል የሆነ ፊልም ነው። ስትሮንግሃርትን ያነገሠው «ዘ ሳይለንት ኮል» ዛሬ ኮፒው የለም፤ ይህ ርካሹ ግን ተርፏል። ያንን ውሻ በሥራው ላይ ማየት የሚሻ አንባቢ ይህን ፊልም ፈልጎ ይመልከት።