የእንጨት ሥራ ማሽንና የጥንቃቄ ትምህርት በትምህርት ቤት ወርክሾፕ፦ ከተግባረ ዕድ ምሥረታ ወዲህ

ኢትዮጵያ ከፋሽስት ወረራ ነጻ ከወጣች በኋላ መንግሥት ፊቱን ካዞረባቸው ጉዳዮች አንዱ የሙያ ትምህርት ነበር። በጦርነቱ የተጎዳችውን አገር ለመጠገን መካኒክ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ግንበኛና አናጢ ያስፈልግ ነበርና የአዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት በ1934 ዓ.ም. ተቋቋመ። በልደታ፣ በሜክሲኮ አደባባይ አቅራቢያ የሚታወቀው ይህ ትምህርት ቤት በሕዝቡ ዘንድ የጸናለት ስም «ተግባረ ዕድ» ነው። ቃሉ የግዕዝ ሲሆን ትርጉሙም የእጅ ሥራ ማለት ነው። እጅን ለሥራ የሚያበቃ ትምህርት ቤት እጅን ከአደጋ የመጠበቅንም ኃላፊነት አብሮ ይሸከማል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህ ሁለተኛው ኃላፊነት ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደ ደረሰ መመርመር ነው።

ከዘመናዊ ትምህርት በፊት የእንጨት ሥራ ሙያ የሚተላለፈው ከአባት ወደ ልጅ፣ ከባለሙያ ወደ ረዳት ነበር። ረዳቱ እንጨት ያቀብላል፣ ይይዛል፣ ያያል፤ ቀስ በቀስም መጥረቢያ፣ መጋዝ፣ መሮና መላጊያ ይጨብጣል። በዚህ ሥርዓት ጥንቃቄ ራሱን የቻለ ትምህርት አልነበረም፤ መሆንም አላስፈለገውም። የእጅ መሣሪያ የሚንቀሳቀሰው በሠራተኛው ጉልበት ስለ ሆነ ሠራተኛው ሲያቆም መሣሪያውም ይቆማል። ስሕተት ብዙውን ጊዜ የሚያስከትለው የተበላሸ እንጨት ወይም የሚድን ቁስል ነው። በመሆኑም እያዩና እየሞከሩ መማር በቂ ነበር።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሽን ወደ ወርክሾፕ ሲገባ ግን ይህ የቆየ ዘዴ መሠረቱ ተናጋ። ዲያሜትሩ 300 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ መጋዝ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር የጥርሱ ፍጥነት በሰከንድ 47 ሜትር ያህል፣ በሰዓትም ወደ 170 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይህ ፍጥነት ሰው አይቶ እጁን ሊሰበስብበት ከሚችለው ጊዜ በእጅጉ የላቀ ነው። መጋዙ ማብሪያው ከጠፋ በኋላም ለጥቂት ጊዜ መዞሩን ይቀጥላል። ስለዚህ በማሽን ላይ «ሞክሮ መማር» የሚለው ደንብ አይሠራም፤ የመጀመሪያው ስሕተት የመጨረሻ ሊሆን ይችላልና። ትምህርቱ ከሙከራው መቅደም አለበት።

ይህን ቅደም ተከተል ሌሎች አገሮችም የተማሩት በብዙ ጉዳት ነው። በእንግሊዝ አገር በ1922 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንጨት ሥራ ማሽኖች ደንብ ክብ መጋዝ መሸፈኛና መክፈያ ቢላዋ እንዲኖረው፣ በእጅ የሚመገብ የመላጊያ ማሽንም ጣት በሚቆርጠው ባለ አራት ማዕዘን የቢላዋ ዘንግ ፈንታ ክብ ዘንግ እንዲገጠምለት አዘዘ። በ1963 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ያወጣው ቁጥር 119 ስምምነት፣ መከላከያ የሌለው ማሽን እንዳይሸጥና ሥራ ላይ እንዳይውል፣ ሠራተኛውም ስለ አደጋው አስቀድሞ እንዲነገረው ደነገገ። በ1974 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው የእንግሊዝ ደንብ ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ። ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላው ሰው የተፈቀደ ሥልጠና ካላጠናቀቀ በቀር ክብ መጋዝ፣ በእጅ የሚመገብ የመላጊያ ማሽንና የቅርጽ ማውጫ ማሽን እንዳያንቀሳቅስ ከለከለ። ከ1922 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ባለው ግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ ሐሳቡ ከማሽኑ ወደ ሰውዬው ተሸጋገረ፤ በመጀመሪያ መሣሪያው ታረመ፣ ቀጥሎም ወጣቱ እንዲሠለጥን ተደረገ።

በኢትዮጵያም ማሽኑ የሚገኝባቸው ትምህርት ቤቶች ቁጥር እያደገ ሄደ። በዚያው በልደታ በ1954 እ.ኤ.አ. የኢትዮ ስዊድን የሕንጻ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመሠረተ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የእንጨት ቴክኖሎጂን አንድ የትምህርት ክፍል አድርጎ ያዘ። አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ከቀለም ትምህርት ጎን ለጎን የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራን ማስተማር ጀመሩ። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ደግሞ ትምህርትን ከምርት ጋር የማያያዝ መርሕ ወርክሾፕን የትምህርት ቤት ሕይወት አካል ለማድረግ ሞከረ። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ መሠረታዊ ለውጥ አለ። የቴክኒክ ተማሪ ቀኑን ሙሉ በወርክሾፕ ሲውል፣ የአጠቃላይ ትምህርት ተማሪ በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ብቻ ያገኛል። ማሽኑና አደጋው ግን ለሁለቱም አንድ ነው። ጊዜ ባጠረ ቁጥር መምህሩ ለጥንቃቄ ትምህርት የሚሰጠውን ሰዓት ወደ ምርቱ ለማዞር ይፈተናል።

ከውጭ የተቀዳ የጥንቃቄ መመሪያም ብቻውን አይበቃም፤ የአገሩን ሁኔታ ማወቅ ይገባል። ለምሳሌ በአዲስ አበባ በብዛት የሚገኘው የባሕር ዛፍ እንጨት በዕድገቱ ጊዜ በውስጡ ያጠራቀመው ውጥረት አለው። በቁመቱ ሲሰነጠቅ የተከፈተው መስመር መልሶ ይጋጠምና የመጋዙን የኋላ ጥርሶች ይይዛል፤ በዚህ ጊዜ እንጨቱ በኃይል ወደ ሠራተኛው ይወረወራል። ይህን የሚከለክለው ከመጋዙ በስተኋላ የሚቆመው መክፈያ ቢላዋ ነው። ቢላዋው ከጥርሱ የሚርቀው ከ8 ሚሊ ሜትር መብለጥ እንደሌለበት፣ ሠራተኛውም በመጋዙ ትይዩ ሳይሆን ወደ ጎን መቆም እንዳለበት ተማሪው ምክንያቱን አውቆ ሊፈጽመው ይገባል። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው መክፈያውን ሥራ የሚያውክ ብረት አድርጎ ስለሚያየው ፈትቶ ይጥለዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ የመብራት መቋረጥ ነው። መብራት ሲጠፋ ማብሪያው በርቶ ከተረሳ፣ መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ ሳይታሰብ ይነሣል፤ ምናልባትም በዚያን ሰዓት አንድ ተማሪ ቢላዋውን በእጁ እያጸዳ ይሆናል። ስለዚህ ኃይል ሲቋረጥ በራሱ የሚጠፋና ዳግም ካልተጫኑት የማይነሣ ማብሪያ ለትምህርት ቤት ቅንጦት አይደለም። ሦስተኛው አለባበስ ነው። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ሰፊ እጅጌና የተለቀቀ ጸጉር በሚዞር ዘንግ ይጠመጠማሉ፤ ከአደጋ ይጠብቃል ተብሎ የሚታመነው ጓንትም በሚዞር ቢላዋ አጠገብ እጅን ይስባል። አራተኛው የማይታየው ጉዳት ነው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1995 እ.ኤ.አ. የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ ከሆኑ ነገሮች ተራ መድቦታል። ይህ ጉዳት ከተማሪው ይልቅ ዘመኑን በወርክሾፕ ለሚያሳልፈው መምህር የበለጠ አስጊ ነው።

የሕጉ አቋምም ሊጤን ይገባዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996፣ እርሱንም የተካው አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ወጣት ሠራተኞች ለሕይወታቸውና ለጤናቸው አደገኛ በሆነ ሥራ እንዳይመደቡ ይከለክላሉ፤ የተከለከሉት ሥራዎች በዝርዝር እንዲወጡም ይፈቅዳሉ። ይሁን እንጂ ዝርዝር ክልከላው ሥልጣን ያለው አካል በፈቀዳቸውና በሚቆጣጠራቸው የሙያ ትምህርት ቤቶች በሚማሩ ወጣቶች ሥራ ላይ አይጸናም። ሕጉ ይህን በር የከፈተው ትምህርት ቤቱ ከፋብሪካ የተሻለ ጠባቂ ነው ብሎ በማመን ነው። ፈቃድና ቁጥጥር በስም ብቻ ከቀሩ፣ ጥንቃቄውም በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ማስታወቂያ ከተወሰነ፣ ተማሪው በፋብሪካ ካለው እኩያው ያነሰ ጥበቃ አገኘ ማለት ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲና በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ሥልጠናውን በተግባር ከሚመዘን ብቃት ጋር አያይዘውታል። ይህ መልካም አጋጣሚ ነው፤ የሚመዘን ነገር ይጠናልና። ከዚህ በመነሣት መምህሩ ሦስት ነገር ሊጠብቅ ይገባል። አንደኛ፣ ተማሪው በእጅ መሣሪያ እንጨቱን ሳያውቅ ወደ ማሽን እንዳይቀርብ፤ ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ማሽን በተናጠል በቃልና በተግባር ሳይፈተን ማብሪያ እንዳይነካ፤ ሦስተኛ፣ መምህሩ ራሱ መሸፈኛውን ሳይገጥም አንድም ጊዜ እንዳይሠራ። ተማሪ ከሚነገረው ይልቅ የሚያየውን ይከተላልና ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል።

የፕላን ባለሙያው ድርሻ ደግሞ ከዚህ ይቀድማል። ማሽን ሲገዛ መሸፈኛው፣ መክፈያው፣ መግፊያ ዘንጉና የብናኝ መሳቢያው በግዥው ውስጥ ካልተጠየቁ መምህሩ ኋላ ከየትም አያመጣቸውም። በአንድ መምህር እጅ የሚሰጠው የተማሪ ቁጥር በክፍሉ ስፋት ሳይሆን አንድ ዓይን ሊጠብቀው በሚችለው መጠን ሊወሰን ይገባል። የጥገናና የመጋዝ ማሳያ ወጪም በየዓመቱ ሊመደብ ይገባል፤ የደነዘ መጋዝ ተማሪውን በኃይል እንዲገፋ ያስገድደዋል፣ በኃይል የሚገፋ እጅም ሲያመልጥ የሚያርፈው በጥርሱ ላይ ነው። አንድ ወርክሾፕ ሥራውን ተወጣ የሚባለው ባወጣው ወንበርና ጠረጴዛ ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ተማሪዎቹን ሙያ ጨምሮላቸው ከነሙሉ ጣታቸው ሲያስመርቅ ነው።