ፈርምዌሩ ተበላሽቶ አልነሳ ያለ ኮምፒውተርን መልሶ ስለማስነሳት

ባዮስ ወይም ዩኢኤፍአይ በመባል የሚታወቀው ፈርምዌር በማዘርቦርድ ላይ በሚገኝ አነስተኛ ቺፕ ውስጥ የተጻፈ ፕሮግራም ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራው ይኸው ፕሮግራም ሲሆን፣ ሚሞሪውንና ዲስኩን ፈትሾ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ያስነሳል። ለብልሽቱ ዋነኛ ምክንያቶች ፈርምዌሩ በመታደስ ላይ ሳለ መብራት መቋረጡና ለሌላ ሞዴል የተዘጋጀ ፋይል መጫኑ ናቸው።

የብልሽቱ ምልክቶች

መብራቱ ይበራል፣ ማራገቢያውም ይዞራል፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ እንደሆነ ይቀራል። አንዳንድ ሞዴሎች ተደጋጋሚ ድምፅ ያሰማሉ ወይም መብራታቸው ብልጭ ድርግም ይላል። የአምራቹ ዓርማ በስክሪኑ ላይ ከታየ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ያለው በዲስኩ ወይም በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ላይ ነው።

በቅድሚያ ሊፈተሹ የሚገባቸው

1. ቻርጀሩንና የሚወጣ ከሆነም ባትሪውን ነቅሎ የማብሪያ ቁልፉን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ፤
2. ሌላ ስክሪን አገናኝቶ መሞከር፤
3. ሚሞሪውን አውጥቶ በትክክል መልሶ መግጠም።

በማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ማውጣት ቅንብሮችን ወደ መነሻቸው ይመልሳል እንጂ የተበላሸውን ፕሮግራም አይጠግንም።

የመልሶ ማስነሻ ቅደም ተከተል

1. በሌላ ኮምፒውተር የአምራቹን ድረ ገጽ ከፍቶ፣ በኮምፒውተሩ ላይ ከተለጠፈው የሞዴል ቁጥር ጋር የሚስማማውን ፋይል ብቻ ማውረድ፤
2. ፋይሉን አምራቹ ባዘዘው ስምና አኳኋን በፋት 32 ፎርማት በተዘጋጀ ፍላሽ ላይ መጫን፤
3. ፍላሹን ሰክቶ የአምራቹን የማስነሻ ቁልፎች መጠቀም። በብዙ የኤችፒ ላፕቶፖች ቻርጀሩ እንደተሰካ የዊንዶውስና የቢ ቁልፎች አብረው ተይዘው የማብሪያው ቁልፍ ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ይጫናል። በብዙ የዴል ላፕቶፖች ደግሞ ኮንትሮልና ኢስኬፕ ተይዘው ሳለ ቻርጀሩ ይሰካል፤
4. ሥራው እስኪጠናቀቅ ኮምፒውተሩን አለማጥፋት። በመካከሉ ራሱን አጥፍቶ ቢነሳ የሚያሰጋ አይደለም።

ወደ ባለሙያ ሲወሰድ

ከላይ የተገለጸው ካልሠራ ባለሙያ ቺፑን በፕሮግራመር መሣሪያ እንደገና ሊጽፈው ይችላል። የዊንዶውስ ፈቃድ ቁልፍና የመለያ ቁጥር በቺፑ ውስጥ ሊገኙ ስለሚችሉ፣ ነባሩ ይዘት አስቀድሞ እንዲቀመጥ መጠየቅ ይገባል። የባለቤቱ ሰነዶችና ፎቶግራፎች ግን የሚገኙት በዲስኩ ላይ ነው። ስለዚህ ዲስኩን ፎርማት ማድረግ ይህን ብልሽት አያስተካክልም፤ ሰነዶችን ግን ያጠፋል። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ከጥገናው በኋላ ባለ 48 አኃዝ የመክፈቻ ቁልፍ ሊጠየቅ ስለሚችል ቁልፉን አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል።

ጥንቃቄ

ፈርምዌር የሚታደሰው የላፕቶፑ ባትሪ ሞልቶ ቻርጀሩም ተሰክቶ ሳለ መሆን አለበት። የጠረጴዛ ኮምፒውተር ከሆነ ከዩፒኤስ ጋር ሊገናኝ ይገባል። ከእድሳቱ በፊትም ጠቃሚ ሰነዶችን በሌላ ዲስክ ላይ መገልበጥ ይመከራል።