ቆቃን መጻፍ ያቃተው ኮምፒዩተር

ቆቃ። ሁለት ፊደል ናት። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ ስንወርድ እናልፋታለን፤ በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራው ግድቧም እ.ኤ.አ. በ1960 ተመርቆ ለአዲስ አበባ መብራት ልኳል። ዛሬ ግን ስለ ግድቡ አናወራም፤ ስለ ሁለቱ ፊደሎች ነው የምናወራው። የአገራችን ትንንሽ ዌብሳይት ሠሪዎች ታሪክ እዚያ ውስጥ አለ ብንል አላጋነንንም።

ነገሩን ከመጀመሪያው እንያዘው። የኢንተርኔት አገልግሎት ኢትዮጵያ ውስጥ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በጥር 1997 ሲሆን ሻጩም ያው ቴሌ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ሆነው ክፍል ተከራይተው ‹‹ዌብሳይት እንሠራለን›› የሚሉ ወጣቶች ብቅ ብቅ አሉ። ደንበኛው ‹‹በእንግሊዝኛ ሥሩልኝ›› ካለ ሥራው ቀላል ነው። ኦሮምኛም ቢሆን አያስቸግርም፤ እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ በይፋ በቁቤ ስለሚጻፍ የትኛውም ኮምፒዩተር ላይ ያለ ተጨማሪ ዕቃ ይነበባል። ጣጣው የሚመጣው ደንበኛው ‹‹በአማርኛ›› ያለ ዕለት ነው።

ኮምፒዩተሩ ‹‹ቆ››ን አያውቃትማ! የዚያን ጊዜ ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ነው ያለው። የእኛ ፊደል ከነዲቃሎቹ፣ ከነቁጥሩና ከነነጥቡ እዚያ ውስጥ አይገባም። ኢትዮጵያውያን ግን መላ አላጡም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ የነበሩት አቶ ፍስሐ አጥላው በኮምፒዩተር አማርኛ እንዲጻፍ ካደረጉት ፈር ቀዳጆች አንዱ ናቸው። በኋላም ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ እያልን የምናውቃቸው መጡ። የዘመኑ ዘዴ ብልሃት ያለው ነበር፤ በላቲኑ ፊደል ቦታ የእኛን ፊደል ሥዕል ማስቀመጥ፣ አንዱ ፎንት ሲሞላ ወደ ሌላው መሻገር። ኮምፒዩተሩ ላቲን የጻፈ ይመስለዋል፤ እኛ ‹‹ቆ››ን እናነባለን።

ችግሩ፣ ሁሉም ቦታውን በየራሱ መንገድ ደለደለ። አንዱ ዘንድ ‹‹ቆ›› የሆነው ሌላው ዘንድ ሌላ ነው። ፎንቱ በሌለበት ኢንተርኔት ካፌ ደግሞ ገጹ ሲከፈት ቆቃም ሞጆም የለም፤ የተበተነ ምልክት ብቻ።

ስለዚህ ዌብ ሠሪው ከሦስት መከራዎች አንዱን ይመርጣል። ወይ ‹‹ከማንበብዎ በፊት ይህን ፎንት ያውርዱ›› ብሎ ይለጥፋል፤ በዚያ የስልክ መስመር ኢንተርኔት ማን ይጠብቃል? ወይ ጽሑፉን ፎቶ አድርጎ ይሰቅለዋል፤ ፎቶ ደግሞ ይከብዳል፣ ቢፈልጉትም አይገኝም። ወይ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፈዋል፤ ያኔ ቆቃ ‹‹ኮካ›› ሆና ቁጭ ትላለች፤ ከተማ ትሁን ለስላሳ መጠጥ አይለይም።

መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ1999 መጣ። የዓለምን ፊደሎች ሁሉ በአንድ መዝገብ የሚያሰፍረው ዩኒኮድ በሦስተኛው እትሙ የኢትዮጵያን ፊደል 345 ምልክቶች ተቀበለ። ‹‹ቆ›› 1246 የሚል ቁጥር አገኘች፣ ‹‹ቃ›› ደግሞ 1243። ከእንግዲህ ናይሮቢም ሆነ ቶኪዮ 1246 ማለት ‹‹ቆ›› ናት፤ ሶፍትዌሩ የማንም ይሁን የማን።

ታዲያ ሁሉም በማግስቱ ዩኒኮድ ተጠቀመ? ኧረ የት! መዝገቡ ቢጻፍም ፎንቱ በየኮምፒዩተሩ አልነበረም። ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። እስከዚያ ድረስ ዩኒኮድን ለደንበኛው ማቅረብ ‹‹ዛሬ ባዶ ሣጥን ይታይሃል፣ ነገ ግን ይነበባል›› ብሎ ማሳመን ነበር። የከፈለ ደንበኛ ይህን ይሰማል?

የዳታቤዙ ወጥመድም ነበር። ማይ ኤስ ኪው ኤል እ.ኤ.አ. በ2018 ስምንተኛው እትሙ እስኪወጣ ድረስ፣ ካልነገሩት በቀር ጽሑፍን በላቲን መዝገብ ነበር የሚያስቀምጠው። መቼቱን የዘነጋ ባለሙያ የሰጠው አማርኛ ጥያቄ ምልክት ሆኖ ይመለሳል። ‹‹ቆቃ›› ብለህ አስገብተህ ‹‹??›› ታወጣለህ። እንዲህ ከተቀመጠ ደግሞ ፊደሉ ጠፍቷል፤ የሚመልሰው የለም።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የእኛ የሚሆነው። በአሮጌ ፎንት የተጻፈውን የሚቀይር መሣሪያ አለ፤ ግን ጽሑፉ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ማወቅ ያስፈልጋል። ፎንቱ ከተረሳ ወይም ፋይሉ ከተጣለ የዚያ ዘመን ዜና፣ ማስታወቂያና ክርክር አብሮ ይሄዳል። ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ግዕዝ ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ይነበባል፤ የሃያ ዓመቱ የእኛ ግን አይነበብም። አያስቅም።

ከዚህ የምንወስደው አንድ ነገር ነው። አዲስ መሣሪያ ሲመጣ አብዛኞቻችን የምንጠይቀው ‹‹ያምራል ወይ? ይፈጥናል ወይ?›› ነው። ጥያቄው ግን ‹‹ነገ ብንለቀው ጽሑፋችንን ይዘን መውጣት እንችላለን ወይ?›› መሆን ነበረበት። ያኔ ያለ ደንበኛ ግፊት ዩኒኮድን የመረጡ ትንንሽ ድርጅቶች ይህን ነው ለደንበኞቻቸው ያተረፉላቸው፤ ከእነሱ ቢለያይ እንኳ ጽሑፉ ከእሱ ጋር ይሄዳል።

ዛሬ ብዙ ሱቅ ዌብሳይት የለውም፤ የቴሌግራም ቻናል ወይም የፌስቡክ ገጽ ነው ያለው። ፊደሉ ተነቧል፣ እልል ይበሉ። ቻናሉ ቢዘጋስ? ቅጂ አስቀምጣችኋል?