የቻድ አረንጓዴ ቂጣና የቢሾፍቱ ሐይቅ

ኅዳር 5 ቀን፥ ኢንሱሊንን ካስገኙት ሊቃውንት አንዱ የነበረው ፍሬደሪክ ባንቲንግ የተወለደበት ዕለት፥ የዓለም የስኳር በሽታ ቀን ተብሎ በየዓመቱ ይታሰባል። እ.ኤ.አ. በ1921 በቶሮንቶ ስለ ተገኘው መድኃኒት፥ በ1923 ስለ ተሰጠው የኖቤል ሽልማትና ክብሩ ለማን ይገባ ነበር ተብሎ ስለ ተነሣው ክርክር ብዙ ስለ ተጻፈ፥ ዛሬ የምናነሣው እምብዛም ያልተነገረለትን ሌላ የቀዳሚነት ክርክር ነው።

የዘመኑ ተመራማሪዎች ለስኳር በሽታ ፈውስ ሲሹ ዓይናቸውን ወደ ዕፅዋተ ባሕር ካቀኑ ቆይተዋል፤ በቡናማ የባሕር ዋቅላሚ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ንጥረ ነገሮች የእህልን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጡትን የአንጀት ኢንዛይሞች ሥራ እንደሚያዘገዩ በቤተ ሙከራ ታይቷል። አገራችንም የባሕር በር ባይኖራት ከነገሩ ፈጽማ የራቀች አይደለችም፤ ቀድሞ ዋቅላሚ ይባል የነበረው፥ ሊቃውንት ግን ዛሬ ከባክቴሪያ ወገን የሚመድቡት ስፒሩሊና፥ ሶዳ የበዛበትን ውሃ ወዳድ በመሆኑ፥ በቢሾፍቱ አጠገብ አረንጓዴ የተባለውን ሐይቅ አልብሶት፥ ከሻላ አጠገብ ባለው በጭቱ ሐይቅም ለፍላሚንጎ አዕዋፍ ሲሳይ ሆኖ ይኖራል።

ይህን ፍጥረት ለዘመናዊው ዓለም ያስተዋወቀው ማን ነው ሲባል፥ ብዙዎች የሚጠሩት የቤልጂየሙን የዕፅዋት ሊቅ ዣን ሌዮናርን ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1965 ሰሐራን ካቋረጠው የአገሩ የምርምር ጓድ ጋር ሳለ፥ ዛሬ ኢንጃሜና በምትባለው በፎርላሚ ገበያ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ደረቅ ቂጣ ሲሸጥ አይቶ፥ ምንጩን እየጠየቀ ከቻድ ሐይቅ ሰሜን ምሥራቅ እስካሉት ሶዳማ ኩሬዎች ድረስ ተከታተለው። በዚያም የካነምቡ ሴቶች ከኩሬው ዳር የተከማቸውን አረንጓዴ ሽፋን ቀድተው፥ በአሸዋ ላይ ባበጁት ክብ ጉድጓድ ያፈስሱታል፤ ውሃውን አሸዋው ሲጠጣው የቀረውን በፀሐይ አድርቀው ይቆራርጡታል፤ ዲሄ የሚባለው ይህ ምግብ በወጥ ውስጥ ገብቶ ከገንፎ ጋር ይበላል።

ነገር ግን ከሌዮናር ሩብ ምዕተ ዓመት አስቀድሞ፥ በቻድ ከፈረንሳይ የቅኝ ግዛት ጦር ጋር ያገለግል የነበረ ክሬሽ የተባለ መድኃኒት ቀማሚ ያንኑ ቂጣ አስተውሎ ለቦርዶው የዋቅላሚ ሊቅ ለፒየር ዳንዣር አስታውቆ ነበር፤ ዳንዣርም መርምሮ፥ ቂጣው ከዚህ ጠመዝማዛ ፍጥረት የተሠራ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1940 ጽፎ አወጣ። ከዚህም በላይ፥ እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፥ ያው ፍጥረት በምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች እንደሚገኝና ፍላሚንጎዎቹ እንደሚመገቡት አመለከተ።

ዓመቱ ግን ክፉ ነበር። በሰኔ ፈረንሳይ ለጀርመን እጇን ሰጠች፤ በነሐሴ ቻድ በገዥዋ በፌሊክስ ኤቡዌ መሪነት ከደጎል ወገን ሆነች፤ መንግሥታት በሚፈርሱበት በዚያ ሰሞን በአንድ የቦርዶ ማኅበር መጽሔት የታተመ አጭር ጽሑፍ አንባቢ ማጣቱ አያስገርምም። ሌዮናር ስለ ትጋቱ ይመስገን፤ ቀዳሚነቱ ግን የክሬሽና የዳንዣር ነው፤ ከሁለቱም በፊት ደግሞ ስማቸው በአንድም መጽሔት ያልሰፈረ የካነምቡ እናቶች አሉ።

ወደ ደዌው ስንመለስ፥ በሕንድ አገር ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ፥ 25 የሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕሙማን በተካፈሉበት ጥናት፥ በቀን 2 ግራም ስፒሩሊና ለሁለት ወር የወሰዱት በደማቸው ያለው ስኳር ቀንሶ ተገኝቷል። የሕሙማኑ ቍጥር ትንሽ፥ ጊዜውም አጭር ነው፤ ከሐይቅ እንዲሁ ተቀድቶ በሚበላው ላይም ጉበት የሚመርዙ ዘመዶቹ ሊቀላቀሉበት ይችላሉ። ስለዚህ በልደታ ክፍለ ከተማ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚመላለስ ሕሙም የታዘዘለትን ኢንሱሊን ትቶ በዚህ ዱቄት አይተማመን። ሆኖም ዛሬ በየፋርማሲው የሚሸጠው የስኳር በሽታ መድኃኒት ሜትፎርሚን ራሱ የተወለደው ጋሌጋ በተባለ የሜዳ ተክል ላይ ከተደረገ ምርምር ነውና፥ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ያለውን የቢሾፍቱን ስፒሩሊና የአገራችን የሕክምናና የመድኃኒት ሊቃውንት በንጹሕ ገንዳ አልምተው፥ ከሕሙማኑ መድኃኒት ጋር እንዴት እንደሚስማማ በሥርዓት እንዲፈትኑት እንለምናለን።