«ለሕግ አስከባሪዎች ብቻ»፤ በአሜሪካ ጠመንጃዎች ላይ ስለሚገኝ አንድ ጽሑፍ

የጦር መሣሪያን ታሪክ የሚመረምር ሰው አስቀድሞ የሚፈልገው በብረቱ ላይ የተመታውን ማኅተም ነው። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ማኅተም የሚናገረው በተመታበት ቀን ስለ ነበረው ሐሳብ እንጂ መሣሪያው ከዚያ ወዲህ በማን እጅ እንደ ዋለ አይደለም። በዩናይትድ ስቴትስ ለተራ ገዢ በሚሸጡ ጠመንጃዎች ላይ «ለሕግ አስከባሪዎች ብቻ» የሚል ጽሑፍ መገኘቱ ይህን በግልጥ ያሳያልና አመጣጡን እንመልከት። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ ሕግ ዘንድ «ጠመንጃ» የሚባለው የመተኰሻውን ስልት አቅፎ የሚይዘው አካል ነው፤ ሪሲቨር ይሉታል። አፈ ሙዙና ሰደፉ ቢለወጡ ጠመንጃው ያው ነው፤ ይህ አካል ሲለወጥ ግን በሕግ ፊት ሌላ ጠመንጃ ይሆናል። በ1968 የወጣው ሕግም ተራ ቍጥር እንዲቀረጽበት ያዘዘው በዚሁ አካል ላይ ነው።

ሴፕቴምበር 13 ቀን 1994 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት ሕግ፣ የውጊያ መሣሪያ የሚመስሉ፣ ራሳቸውን እያጐረሱ በእያንዳንዱ የቃታ ስበት አንድ ጥይት የሚተኵሱ ጠመንጃዎች ከዚያን ቀን ጀምሮ ተሠርተው ለሕዝብ እንዳይሸጡ ከለከለ። ከዚያ በፊት የተሠሩት ግን አልተነኩም፤ መንግሥትና ፖሊስም አዲሶቹን መግዛት ይችሉ ነበር። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ከሕጉ በፊትና በኋላ የተሠሩ ሁለት ጠመንጃዎች ጐን ለጐን ቢቀመጡ ዓይን ሊለያቸው አይችልም፤ አንዱ ግን በገበያ የሚሸጥ፣ ሌላው የተከለከለ ነው። ስለዚህ አዲሶቹ የተሠሩበትን ቀን የሚያስታውቅ ቍጥር እንዲኖራቸው ሕጉ አዘዘ፤ የማስፈጸሚያው ደንብም ለሕግ አስከባሪና ለመንግሥት ብቻ የተወሰኑ መሆናቸው እንዲጻፍባቸው ጨመረበት። ከዐሥር ጥይት በላይ የሚይዙ አዳዲስ የጥይት መያዣዎችም እንዲሁ ተጽፎባቸዋል። እንግዲህ ጽሑፉ የክብር ምልክት አልነበረም፤ በሁለት ተመሳሳይ ብረቶች መካከል የተሰመረ ድንበር ነበር።

ሕጉ ዕድሜው ዐሥር ዓመት እንዲሆን አስቀድሞ ተወስኖ ነበርና ሴፕቴምበር 13 ቀን 2004 አበቃ። ድንበሩ ፈረሰ፤ ጽሑፉ ግን በብረቱ ላይ ቀረ፤ በፌዴራል ሕግ ዘንድም ኀይል የለውም። ከሁሉ የሚያስደንቀው በኮነቲከት ግዛት ያለው የኮልት ፋብሪካ ያደረገው ነው። ለጦር ሠራዊት፣ ለመንግሥት፣ ለሕግ አስከባሪና ለውጭ አገር ብቻ የሚለውን ጽሑፍ ሕጉ ካለፈ በኋላም ለዓመታት መምታቱን ቀጠለ፤ እነዚሁ ጠመንጃዎች ግን በየሱቁ ይሸጡ ነበር። ገዢዎችም ሕግ የተላለፉ እየመሰላቸው ይጠይቁ ነበር። በዚህ ጊዜ ማኅተሙ የተመታበትን ቀን ሐሳብ እንኳ በትክክል አይናገርም።

ከዚህ ሊለይ የሚገባው ሌላ ዓይነት አለ። የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች ያገለገሉ መሣሪያዎቻቸውን ለነጋዴ ሲሸጡ የከተማው ወይም የመሥሪያ ቤቱ ስም ተቀርጾባቸው ሊገኝ ይችላል። የመሥሪያ ቤት ስም የባለቤትነት ቃል ነው፤ «ለሕግ አስከባሪዎች ብቻ» የሚለው ግን የሽያጭ ገደብ ነው። በአንድ ሙዚየም መዝገብ ሁለቱም «የፖሊስ ጠመንጃ» ተብለው ቢጻፉ፣ ፖሊስ ነክቶት የማያውቅ ዕቃ የፖሊስ ታሪክ ይሰጠዋል።

በክፍለ ግዛቶች ሕግ ግን አሮጌው ማኅተም ሁሉ ከንቱ ሆኖ አልቀረም። የኒው ዮርክ ሕግ ከሴፕቴምበር 14 ቀን 1994 በፊት በሕጋዊ መንገድ የተያዙትን ከሌሎቹ ስለሚለይ፣ የ1994ቱ ጽሑፍ ጠመንጃው ከዚያ ወዲህ መሠራቱን ሊያመለክት ይችላል። መከልከያ የነበረው ቃል የዕድሜ ምስክር ሆነ ማለት ነው።

እንግሊዞች በዚህ ረገድ የተሻለ ልማድ ነበራቸው፤ በእኔ አስተያየት አሜሪካኖቹ ያጐደሉትም ይህን ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት የሰፊ ቀስት ምልክት ይመታበታል፤ ከአገልግሎት ወጥቶ ሲሸጥ ሌላ ቀስት ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ ይጨመርበታል። ሁለተኛው ምልክት የመጀመሪያውን ይሽረዋል፤ አንባቢም አይሳሳትም።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በርካታ አሮጌ ጠመንጃዎች ከኢትዮጵያ ተገዝተው ወደ አሜሪካ ገበያ ገብተዋል። ከነዚህም በ1930ዎቹ ዓመታት የቤልጅጉ ኤፍ ኤን ፋብሪካ የሠራቸው፣ በሪሲቨራቸው ላይ የይሁዳ አንበሳ ያለባቸው ማውዘሮች፣ እንዲሁም የጣሊያን የጦር ፋብሪካ ማኅተም ያለባቸው ካርካኖዎች ይገኛሉ። በአሜሪካ ሕግ መሠረት አስመጪው ስሙን ይቀርጽባቸዋል። እንግዲህ አንዱ ካርካኖ የቴርኒን ፋብሪካና የአሜሪካዊውን ነጋዴ ስም ይናገራል። በሁለቱ መካከል በትከሻው አንግቶት የኖረው ሰው ምልክት ትቶ ከሆነ የሚፈለገው በሰደፉ እንጨት ላይ ነው፤ ሰደፍ ደግሞ በሕግ ፊት ጠመንጃ አይደለምና ጠጋኙ አውልቆ ሌላ ሊተካበት ይችላል።