በወረታ መገንጠያ ያደረ ዘፈን

ርብና ጉማራ ከምሥራቁ ደጋ እየወረዱ፣ ወደ ጣና ከመግባታቸው በፊት በክረምት እየሞሉ መስኩን ሁሉ ውሃ በሚያለብሱበት በፎገራ ሜዳ፣ ከ1982 እስከ 1987 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ሕዝቡ ከሬዲዮና ከካሴት የሰማውን የፍቅርና የትዝታ ዘፈን ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያጋጥመው የመዝገብ እጦት ነው። አሜሪካኖች በዚህ ረገድ ዕድለኞች ናቸው፤ ቢልቦርድ የተባለው መጽሔታቸው ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጎልማሳ ጆሮ የሚስማሙትን ለስላሳ ዘፈኖች ከጠቅላላው ሰንጠረዥ ጎን ለብቻቸው በየሳምንቱ በተራ ቁጥር እያሰለፈ ያትም ስለ ነበር፣ በ1992 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የወጣው የዊትኒ ሂውስተን ዝነኛ ዘፈን በአገሪቱ ጠቅላላ ሰንጠረዥ ላይ 14 ሳምንት አንደኛ ሆኖ መሰንበቱን ማንም ተመራማሪ ያለ ድካም ያገኘዋል። እኛ እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ አልነበረንም። ሰንጠረዥ ባይኖርም ግን ምርጫ ነበረ፤ በሜዳው ከተማ በወረታ አንድ ዘፈን ከሌሎቹ በላይ የሚከብረው ሬዲዮ ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት የሠለጠነው የሕዝብ ጆሮ ሲመሰክርለት እንደ ነበር አምናለሁ።

ከመንገዱ ልጀምር። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወጣው አውራ ጎዳና በወረታ መካከል ያልፋል፤ ቻይናውያን በደርግ ዘመን የሠሩትና በደብረ ታቦርና በጋይንት አድርጎ 300 ኪሎ ሜትር ያህል እስከ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድም የሚገነጠለው ከዚያው ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ በባሕር ዳር በኩል የሚመጣ የጭነት መኪና ወደ ጎንደርም ቢያቀና ወደ ደብረ ታቦርም ቢታጠፍ ወረታን ሳይረግጥ አያልፍም፤ ሾፌሩና ረዳቱ ለምሳ ወይም ለአዳር ሲወርዱም በጋቢናው ውስጥ ሲዘፍን የመጣው ካሴት አብሮ ይወርድና በሻይ ቤቱ ቴፕ ውስጥ ይገባል። በመገንጠያው ላይ የተወደደ ዘፈን በሁለቱም መንገድ ይሄዳል፤ ያልተወደደው ደግሞ ከመጣበት ጋቢና ብዙ አይርቅም።

ያ ጆሮ የሠለጠነበትን ቦታ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ያለው ወደ ምሥራቅ በሚታጠፈው በዚሁ መንገድ ነው። በጋይንት የድጓ ምስክር የሚሰጥባት ቤተልሔም፣ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር የሚሰጥባት ዙር አባ ይገኛሉ፤ የቅዱስ ያሬድን ዜማ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ሊማር ከየአውራጃው የሚጓዘው የቆሎ ተማሪ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲያልፍ የኖረው በዚህ አገር ሕዝብ መካከል ነው። ዜማውን ያጎደለ ደቀ መዝሙር ሳይመሰከርለት እንደሚቀር የሚያውቅ ሕዝብ፣ ድምፅ ሲሰማ ማጣራትን ከልጅነቱ ይማራል። በሌላው ወገን ደግሞ አዝማሪው አለ፤ ማሲንቆውን ይዞ በሠርግና በጠላ ቤት ሲቀመጥ፣ አድማጩ «ተቀበል!» እያለ ግጥም ይሰጠዋል እንጂ ዝም ብሎ አይሰማውም፤ ወርቁ ያልተገኘበት ሰም ሲቀርብም ገበታው ሁሉ ይቀዘቅዛል። ቤተ ክርስቲያን ዘፈንን ከኃጢአት እንደምትቆጥረው፣ ካህናቱም ልጆቻቸው ከጠላ ቤት እንዲርቁ ሲመክሩ እንደ ኖሩ የታወቀ ስለ ሆነ ሁለቱን ለማስታረቅ አልሞክርም። ይሁን እንጂ በማለዳ ማሕሌት የቆመውም በማታ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ለይቶ የሚያውቀውም ብዙ ጊዜ ያው አንድ ሰው ነበር።

ሬዲዮ ወደዚህ ሕዝብ የደረሰው በመጀመሪያ እንደ ዜና ነጋሪ ነው። በ1982 ጦርነቱ ወደ ደብረ ታቦር በቀረበ ጊዜ፣ በየካቲት 1983ም ኢሕአዴግ «ዘመቻ ቴዎድሮስ» ብሎ በሰየመው ዘመቻ ጎንደርንና ጎጃምን ሲይዝ፣ የፎገራ ገበሬ ልጁ ያለበትን ግንባር ስም እሰማ እንደ ሆነ እያለ ከመሣሪያው አጠገብ ያመሽ ነበር፤ የኢትዮጵያ ሬዲዮን፣ በ1957 የአማርኛ ሥርጭት የጀመረውን የጀርመን ድምፅንና ከ1975 ጀምሮ በአማርኛ የሚናገረውን የአሜሪካ ድምፅን እያፈራረቀ ያዳምጣል፤ የሬዲዮው ድንጋይ ሲደክምም አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ግንቦት 13 ቀን 1983 ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር መውጣታቸውን የተናገረውም ያው ሬዲዮ ነው። እንግዲህ ማርሽና የዘመቻ መዝሙር ሲያሰማ የኖረው መሣሪያ፣ ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ስለ ናፍቆትና ስለ መለያየት የሚዘፍኑ ድምፆችን ሲያመጣ በቤቱ ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንደ ያዘ ለመረዳት አይከብድም። ካልተመለሰ ልጅ እናት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሰማ ትዝታ፣ የመዲና ወጣት በጭፈራ ቤት ከሚሰማው ትዝታ ጋር አንድ አይደለም።

ዘፈኖቹ የተሠሩት ግን በአዲስ አበባ ነው። የሸክላ ኅትመት በ1970 ገደማ ካበቃ በኋላ ካሴት ብቻውን ነገሠ፤ የሰዓት እላፊ ሕግ የከተማውን ሌሊት ለብዙ ዓመታት ዘግቶት ስለ ነበርም ሙዚቃ ከመድረክ ይልቅ በቤት ውስጥ የሚደመጥ ነገር ሆነ። ከዘመኑ ካሴቶች ብዙዎቹን ያጀበው ጆቫኒ ሪኮና ሰላም ሥዩም የነበሩበት ሮሃ ባንድ ነው፤ አምባሰል፣ ኤሌክትራ፣ ሱፐር ሶኒክና ሌሎችም ሙዚቃ ቤቶች ያከፋፍሉ ነበር። ማሕሙድ አሕመድ፣ ኤፍሬም ታምሩ፣ ነዋይ ደበበ፣ ኩኩ ሰብስቤ፣ ሐመልማል አባተ፣ በዛወርቅ አስፋው ስማቸው በየሻይ ቤቱ ይጠራ ነበር። ግጥም የሰጧቸው እንደ ይልማ ገብረአብ፣ ዜማ ያወጡላቸው እንደ አበበ መለሰ ያሉት ባለሙያዎች ግን ስማቸው በካሴቱ ልባስ ላይ በደቃቅ ፊደል ስለሚጻፍ፣ ልባሱም ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ስለሚጠፋ፣ ገጣሚን በስሙ ጠርቶ በሚያመሰግን አገር ውስጥ ሳይታወቁ ቀሩ፤ ይህ ዛሬም ያሳዝነኛል። በጥቅምት 1985 የወጣው የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34 ቅድመ ምርመራን ሲከለክል፣ ለገጣሚዎች ቀድሞ የተዘጋ በር ተከፈተ።

ከእነዚህ ሁሉ የጎንደሬው ጆሮ የራሴ የሚላት አንዲት ድምፅ ነበረች። አስቴር አወቀ በጎንደር ተወልዳ፣ በአዲስ አበባ አድጋ፣ ኑሮዋን በአሜሪካ ካደረገች በኋላ በ1989 እ.ኤ.አ. በስሟ የተጠራውን፣ በ1991 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ካቡ» የተባለውን አልበም ለዓለም ገበያ አቀረበች። የውጭ አገር ሰዎች ቃሏን ሳይሰሙ ድምፅዋን አደነቁ፤ በፎገራ ግን እንጉርጉሮዋ ከእናቶች የወፍጮ ላይ እንጉርጉሮ፣ ከእረኛው ዋሽንት ጋር የሚዛመድ በመሆኑ አድናቆቱ የዝምድና ነበር። የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች ናት፤ መንጋውን በጣና ዳር መስክ የሚያሰማራው እረኛ የሚነፋው ቅኝትና ከዋሽንግተን ዞሮ በካሴት የመጣው ቅኝት አንድ ሥር አላቸው።

ለዘፈን ማዕርግ የሚሰጥበትም ሥርዓት ነበር። ደንበኛው ባዶ ካሴት ይዞ ወደ ካሴት ቤቱ ይሄዳል፤ ከአንዱ ዘፋኝ አንድ፣ ከሌላው ሁለት እያለ ምርጥ ምርጡን ያስቀዳል። ይህ ቅጂ የባለሙያውን እንጀራ የሚነካ እንደ ነበር ግልጽ ነው፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የወጣውም በ1996 ነው። ለታሪክ ጸሐፊ ግን እያንዳንዱ የተቀዳ ምርጥ ካሴት የአንድ ቤተሰብ ሰንጠረዥ ነው። ለሬዲዮ ጣቢያው በደብዳቤ የሚላከው የዘፈን ምርጫም እንዲሁ፤ ዘፈኑ ለማን እንደ ተጋበዘ የሚነበበው የስም ዝርዝር ከዘፈኑ ባልተናነሰ ጥሞና ይደመጥ ነበር።

በ1985 የትንሣኤ ሰሞን ድምፃዊው ጥላሁን ገሠሠ አንገቱ ላይ ከባድ ጉዳት ደርሶበት ከሞት አፋፍ የተመለሰ ጊዜ፣ ይህ ሁሉ አድማጭ ስለ አንድ ሰው ጉሮሮ በአንድነት ተጨነቀ። ድኖ እንደ ገና ዘፈነ፤ እስከ 2001ም ኖረ።

ዛሬ ፎገራ የሚነሣው በሩዙ ነው። የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በደርግ ዘመን ያስተዋወቁት ሰብል ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖታል፤ ብሔራዊ የምርምር ማዕከልም ተቋቁሞለታል። የዘፈኑ ታሪክ ግን ጠያቂ አላገኘም። የካሴት ክር ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሙጫው ይለቃል፤ እርጥበት ባለበት አገር ደግሞ ይሻግታል፤ በወረታና በአዲስ ዘመን፣ በዓለም በርና በሐሙሲት በየጓዳው የቀሩት ምርጥ ካሴቶች ተሰብስበው፣ ምን ከምን ቀጥሎ እንደ ተቀዳ ሳይቀር እየተመዘገበ ወደ አዲስ መሣሪያ ካልተገለበጡ፣ ያ ሕዝብ በእነዚያ ዓመታት የቱን ዘፈን ከየቱ እንዳስበለጠ የሚናገር ሰነድ አይኖርም። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ደህና ቴፕና አንድ ኮምፒዩተር፣ ባለ ካሴቱን ቁጭ ብሎ የሚጠይቅ አንድ ትዕግሥተኛ ሰው ይበቃል፤ በደብረ ታቦርና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ መምህራንና ተማሪዎች ቢጀምሩት ቅርባቸው ነው።