ማማ የሚሠራው ጉብታ ያጣ ነው

ማማ የሚለውን ቃል የሰጠን ገበሬው ነው። ማሳው ሜዳ ላይ ከሆነ ዝንጀሮና ወፍ ለመጠበቅ እንጨት አቁሞ ከፍ ይላል። አጠገቡ ጉብታ ካለ ግን እዚያው ወጥቶ ወንጭፉን ይወነጭፋል እንጂ በከንቱ እንጨት ሲፈልጥ አይውልም። “ወላይታ ሶዶ ለቱሪስት መመልከቻ ማማ ያስፈልጋታል ወይ?” ለሚለን ሰው መልሳችን ከዚህ ይጀምራል።

ሶዶ የተቀመጠችው በዳሞታ ተራራ ግርጌ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ግድም ላይ ስትሆን የዳሞታ ጫፍ 3,000 ሜትር ይጠጋል። በ2014 ዓ.ም. ሲመረቅ ያን ያህል ያስወራን የአዲስ አበባው የንግድ ባንክ ሕንፃ ቁመቱ 209 ሜትር ነው። እንግዲህ እሱን አራት ጊዜ ብንደራርበው እንኳ ዳሞታ ላይ መድረሱ ያጠራጥራል።

ዳሞታ ደግሞ ከፍታ ብቻ አይደለም። በተራራው ጎን ባለው በሞቼና ቦራጎ ዋሻ 50,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የባልጩት መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ቁልቁል የሚታየው አገር ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. የአፄ ምኒልክን ጦር የገጠሙበት፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ ያለቀበት፣ ንጉሡም ቆስለው የተማረኩበት ምድር ነው። ከዘመቻው ጋር የነበረው ፈረንሳዊው ቫንደርሃይም ያየውን ጽፎ አሳትሞታል። ይህን የሚነግረው ሰው ያላገኘ ቱሪስት ከማማ ላይ የሚያየው ቆርቆሮና እርሻ ነው።

“ፓሪስስ?” የሚለን አይጠፋም። የኤፍል ግንብ እ.ኤ.አ. በ1889 ሲቆም የተፈቀደለት ዕድሜ 20 ዓመት ብቻ ነበር። ከመፍረስ ያተረፈው ለሬዲዮ ግንኙነት መጥቀሙ እንጂ ማማሩ አይደለም። ለእኛ የሚቀርበን ምሳሌ እንጦጦ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. ፓርኩ ሲከፈት የተሠራው ተራራውን መውጫና መቀመጫ ነው።

ዳሞታን መውጣት የማይችሉ አዛውንቶችና አካል ጉዳተኞች እንዳሉ አንዘነጋም። የእነሱ ጥያቄ እውነተኛ ነው፤ ሆኖም የሚመለሰው ወደ ተራራው በሚያደርስ ደህና መንገድ ነው።

ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ በመሆኗ እንግዳዋ ይበዛል፤ የማማው ሐሳብም ያጓጓል። ለእሱ የሚመደብ ብር ካለ ግን አስቀድሞ ለዋሻው ጥበቃ፣ ለመንገዱና ለወጣት አስጎብኚዎች ሥልጠና ይዋል። ከዚያ በኋላ ማማ ያማረው ካለ፣ ዳሞታ ላይ ተቀምጠን እንከራከራለን።